ዋና ጭራቅ (የሚና ጨዋታ)

ዋና ጭራቅ በሚና ጨዋታ ውስጥ የአንድ ጀብዱ ዋነኛ ባላንጣ ሆኖ የሚቀርብ የምናብ ፍጡር ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለው ችግር ምንጩ እሱ ነው፤ ተጫዋቾች የሚያገኟቸው ፍንጮች ወደ እሱ ያመራሉ፤ ጀብዱውም የሚያበቃው እሱ ሲሸነፍ፣ ሲባረር ወይም ሲታረቅ ነው። ለጀማሪ ተጫዋቾች በሚዘጋጅ ጀብዱ ውስጥ የዚህ ፍጡር ምርጫ ከሌሎች ውሳኔዎች ሁሉ ይቀድማል፤ ቦታው፣ ሰዎቹና የታሪኩ አካሄድ ከእሱ ይወለዳሉና።

ይህ መጣጥፍ የዋና ጭራቅን አመራረጥ፣ ለዚህ የሚያገለግሉ የኢትዮጵያ ተረቶችንና አፈ ታሪኮችን፣ እንዲሁም ጎንደርና የሰሜን ተራሮች ለእንዲህ ያለ ጀብዱ የሚሰጡትን መድረክ ይገልጻል።

የሚና ጨዋታ ምንድን ነው?

በሚና ጨዋታ ከተሳታፊዎቹ አንዱ የጨዋታ መሪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህሪ ይወክላሉ። መሪው ያለውን ሁኔታ ይተርካል፤ ተጫዋቾቹ ገጸ ባህሪያቸው ምን እንደሚያደርግ ይናገራሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይወረወራል። ሐሳቡ ለኢትዮጵያ ልጆች እንግዳ አይደለም። በእቃቃ ጨዋታ አንዱ አባት፣ አንዷ እናት፣ ሌላው እንግዳ ሆኖ ይጫወታል። የሚና ጨዋታ እቃቃን ከተረት ጋር አጣምሮ ሕግና ቁጥር የጨመረበት ነው ማለት ይቻላል።

በዓለም ዙሪያ የታወቀው የዚህ ዓይነት ጨዋታ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን አዘጋጅተውት በ1974 እ.ኤ.አ. ታተመ። አምስተኛው እትሙ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ሳጥን አብሮት ወጥቷል። የዚህ እትም መሠረታዊ ሕጎች በጥር 2023 እ.ኤ.አ. በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለ ተለቀቁ፣ ምንጩን እስከ ጠቀሰ ድረስ ማንኛውም ሰው ሊተረጉማቸውና ሊያሻሽላቸው ይችላል። ስለዚህ በአማርኛ ጀብዱ መጻፍ ለሚፈልግ ተማሪ የፈቃድ ችግር የለበትም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቁጥሮች ከዚሁ እትም የተወሰዱ ናቸው።

የመምረጫ መስፈርቶች

አቅም

የመጀመሪያው ጥያቄ ጭራቁ ጀማሪዎቹን ሳይጨርስ ሊፈትናቸው ይችላል ወይ የሚለው ነው። በደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እያንዳንዱ ጭራቅ የፈተና ደረጃ አለው። በደንብ ያረፉና የታጠቁ አራት ገጸ ባህሪያት ከራሳቸው ደረጃ ጋር እኩል የሆነ ጭራቅ ማንም ሳይሞትባቸው ማሸነፍ ይችላሉ ተብሎ ይገመታል።

ቁጥሩን ብቻ አይቶ መወሰን ግን ያሳስታል። ለምሳሌ ሰው በላው ግዙፍ ፍጡር «ኦገር» የፈተና ደረጃው 2፣ የሕይወት ነጥቡ 59 ነው። በቆመጥ አንድ ጊዜ ሲመታ በአማካይ 13 ነጥብ ይቀንሳል። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ ተዋጊ ግን የሕይወት ነጥቡ 12 አካባቢ ነው፤ አስማተኛው ደግሞ 8 አካባቢ። ይህም ማለት አንድ ተራ ምት አንድን ጀማሪ ገና በጨዋታው መጀመሪያ ከውጊያ ሊያስወጣው ይችላል።

በአንጻሩ ተራ ጅብ 5 የሕይወት ነጥብ ብቻ አለው፤ ንክሻውም በአማካይ 3 ነጥብ ነው። ግዙፉ ጅብ የፈተና ደረጃው 1፣ የሕይወት ነጥቡ 45 ሲሆን ለአራት ጀማሪዎች ተመጣጣኝ ዋና ባላንጣ ሊሆን ይችላል።

ተራ ቁጥር

ብዙ ጀማሪ መሪዎች የሚስቱት የተራን ጉዳይ ነው። አራት ተጫዋቾች በአንድ ዙር አራት ጊዜ ይመታሉ፤ ብቸኛው ጭራቅ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። እያንዳንዱ ተጫዋች ከአራት ሙከራ ሦስቱን ቢያገኝና በአማካይ 7 ነጥብ ቢቀንስ፣ ቡድኑ በአንድ ዙር 21 ነጥብ ገደማ ይቀንሳል። ባለ 59 ነጥቡ ኦገር በሦስት ዙር ይወድቃል ማለት ነው። በእነዚህ ሦስት ዙሮች ግን አንድ ወይም ሁለት ተጫዋቾችን ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ብቸኛ ጭራቅ በአንድ በኩል ቶሎ ይሞታል፣ በሌላ በኩል ቶሎ ይገድላል። መፍትሔው ምቱን መቀነስና ደካማ አጋዦችን አብሮ ማሰለፍ ነው።

ፍላጎት

ጭራቁ የሚፈልገው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር መነገር አለበት፦ ምንጩን መያዝ ይፈልጋል፤ ግልገሎቹን መመገብ ይፈልጋል፤ የተሰረቀበትን ያስመልሳል። ፍላጎት ያለው ጭራቅ መሪው ባልጠበቀው ጊዜ ተጫዋቾች የተለየ መንገድ ቢከተሉ እንኳ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ፍላጎት የሌለው ጭራቅ ግን ዋሻው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሞቱን ከመጠበቅ በቀር ሥራ የለውም።

ፍንጭ

ዋናው ጭራቅ መጨረሻ ላይ ብቻ ብቅ ካለ ተጫዋቾች አይፈሩትም፣ አይጠሉትምም። ከመታየቱ በፊት ዱካው፣ ድምፁ፣ ያደረሰው ጉዳትና ከእሱ ያመለጠ ሰው ወሬ መቅደም አለባቸው። ሦስት ፍንጭ ብዙውን ጊዜ በቂ ነው፤ ተጫዋቾቹ አንዱን ቢያልፉት በሌላው ይደርሳሉ።

ደካማ ጎን

ጥሩ የጀማሪ ጭራቅ ከሰይፍ ሌላ የሚሸነፍበት መንገድ አለው። እሳት ይፈራል፣ በቃሉ ይታሰራል፣ ይሆዳማል፣ ወይም ይኮራል። ይህ ደካማ ጎን በፍንጮቹ ውስጥ መታየት ይኖርበታል። ያለዚያ ገና ሕጉን የሚማር ሰው ጨዋታው ዳይስ መወርወር ብቻ ይመስለዋል።

መሸሻ

ተጫዋቾቹ ሲሸነፉም ሆነ ጭራቁ ሲሸነፍ መሸሽ መቻል አለበት። ከ2014ቱ የጀማሪዎች ሳጥን ጋር በወጣው ጀብዱ ውስጥ የፈተና ደረጃው 8 የሆነ ወጣት አረንጓዴ ዘንዶ አለ። ለጀማሪዎች እጅግ ከባድ ነው፤ ሆኖም የሕይወት ነጥቡ በግማሽ ሲቀንስ በርሮ እንዲሄድ ተደርጎ ተጽፏል። በዚህም ተጫዋቾች ዘንዶውን ሳይገድሉት እንኳ አባረርነው ብለው ሊተርኩ ይችላሉ።

ከኢትዮጵያ ተረትና አፈ ታሪክ

አርዌ

አርዌ በኢትዮጵያ አፈ ታሪክ አገሪቱን ይገዛ የነበረ ዘንዶ ነው። ሕዝቡ ከብትና ልጃገረድ ይገብርለት ነበር ይባላል። አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ የበላች ፍየል ሰጥቶ ገደለውና ንጉሥ ሆነ፤ በብዙ ትረካዎች ዘንድ የንግሥት ማክዳ አባት እሱ ነው።

አርዌ ለጀብዱ አዘጋጅ ብዙ ያስተምራል። ፍላጎቱ ግልጽ ነው፤ ግብር ነው። ጉዳቱ ከመታየቱ በፊት ይታወቃል፤ እያንዳንዱ ቤት ከብት ገብሯልና። ደካማ ጎኑ ሆዱ ነው። የተሸነፈውም ከእሱ በሚበልጥ ጉልበት ሳይሆን በዘዴ ነው። አቅሙን ያህል ግን ለጀማሪ አይመጥንም፤ ስለዚህ ሙሉውን አርዌ ሳይሆን ገና ከእንቁላል የወጣ ልጁን ማቅረብ ይቻላል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የሚታየው የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የዘንዶውና የብሩታዊት ሥዕልም ተመሳሳይ ታሪክ ስለሚያሳይ፣ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች «ግብር የሚቀበል ዘንዶ» ሲባል ምን እንደሆነ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ጭራቅ

ጭራቅ በአማርኛ ተረት ሰው የሚበላ፣ ግዙፍና አስፈሪ ፍጡር ነው። ዛሬ ቃሉ ለማንኛውም የምናብ አስፈሪ ፍጡር መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። በባሕርዩ ከአውሮፓው ኦገር ጋር ይቀራረባል፤ ጉልበቱ ብዙ፣ ብልሃቱ ጥቂት ነው። በተረት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፉት ልጆችና ደካሞች በመሆናቸው፣ ገጸ ባህሪያቸው ገና ጠንካራ ላልሆነ ጀማሪዎች ተስማሚ ነው።

ጅብ

ጅብ በተረት ሆዳም፣ ፈሪና በቀላሉ የሚታለል ነው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ማንነቱን ደብቆ ክብር የሚሻን ሰው ይተቻል። እውነተኛው ዥጉርጉር ጅብ ግን በመንጋ የሚኖር፣ አጥንት የሚሰብር መንጋጋ ያለውና ድምፁ የሰው ሳቅ የሚመስል አዳኝ ነው። በጎንደር ዙሪያ ያደገ ሰው ሌሊት ድምፁን ሰምቶ ያውቃል፤ ስለዚህ መሪው ፍርሃቱን ለመፍጠር ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

የጥንት ጸሐፍት ፍጡራን

በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር «ኢትዮጵያ» ብሎ በመጥራት፣ በዚያ ይኖራሉ የተባሉ ፍጡራንን መዝግቧል። ኮሮኮታ ከጅብና ከአንበሳ ይወለዳል፤ የሰውና የከብት ድምፅ ያስመስላል። ካቶብሌፓስ ደግሞ ከባድ ራሱን ወደ መሬት ደፍቶ የሚሄድ፣ ዓይኑን ያየ ሰው የሚሞትበት እንስሳ ነው። በዚያው መጽሐፍ ያለው ሉክሮኮታ «ሉክሮታ» ተብሎ ከካቶብሌፓስ ጋር ወደ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ገብቷል። ድምፅ የሚያስመስል ጭራቅ ለጀማሪዎች ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል፤ የጠፋው እረኛ ከገደል ሲጣራ ይሰማል፣ ነገር ግን እረኛው ከሞተ ሦስት ቀን ሆኖታል።

በጥንቃቄ የሚያዙ እምነቶች

ቡዳ

ጎንደርን መድረኩ ለሚያደርግ ጀብዱ አዘጋጅ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ቡዳ ነው፦ በዓይኑ ሰው «ይበላል»፣ ሌሊትም ወደ ጅብ ይለወጣል የሚባል ሰው። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለዚህ እምነት በሰፊው ጽፏል። ከታሪክ አኳያ ሲታይ ለምናብ ጨዋታ የተዘጋጀ ይመስላል፤ ጅብ የሚሆን ሰው በአውሮፓ ተረት ተኩላ ከሚሆነው ሰው ጋር አንድ ነውና።

ልዩነቱ ቡዳ የተባሉት እውነተኛ ሰዎች መሆናቸው ነው። ስሙ የተለጠፈው በአብዛኛው በእጅ ሙያተኞች ላይ ነበር፤ በብረት ቀጥቃጮች፣ በሸክላ ሠሪዎች፣ በቆዳ ፋቂዎች። በጎንደር አካባቢም ብረት በመቀጥቀጥና ሸክላ በመሥራት በሚተዳደሩት ቤተ እስራኤል ላይ ተለጥፏል። ከከተማዋ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ወለቃ ከታወቁ መንደሮቻቸው አንዷ ነበረች። ማረሻ፣ ማጭድና ጀበና የሚሠራላቸውን ሰው ጎረቤቶቹ በልጆቻቸው ሕመም ይከሱት ነበር፤ ጋብቻና አብሮ መብላትም ይከለከል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከቤተ እስራኤል አብዛኞቹ ከ1977ቱ ዘመቻ ሙሴና ከ1983ቱ ዘመቻ ሰሎሞን ጋር ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ስድቡ ግን ከቋንቋው ጨርሶ አልጠፋም።

በዚህ ምክንያት «የመንደሩ ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ሆኖ ሕፃናት ይበላል» የሚል ጀብዱ ክሱን እውነት አድርጎ ያስተምራል። ተጫዋቾቹም ጀግና የሚሆኑት አንጥረኛን በመግደል ነው። በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት አንዱ የሸክላ ሠሪ የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ለጓደኞቹ ነግሯቸው ላያውቅም ይችላል።

ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው ጅቡን አውሬ ብቻ አድርጎ ማቅረብ፣ ከሰው ጋር አለማያያዝ ነው። ሁለተኛው ክሱን ራሱን የታሪኩ ችግር ማድረግ ነው፦ መንደሩ ቀጥቃጩን ይከሳል፣ እውነተኛው አውሬ ግን ሌላ ቦታ አለ፤ አውሬውን የሚያስቆመውን ወጥመድ መሥራት የሚችለውም ያው የተከሰሰው ሰው ነው። በሁለተኛው አማራጭ ክሱ ሐሰት መሆኑ መጨረሻ ላይ በግልጽ መታየት አለበት፤ ለማስገረም ተብሎ «ለካ እውነት ነበር» የሚል ፍጻሜ ሁሉንም ያፈርሰዋል።

ዛር

የዛር መንፈስም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. በጎንደር የዛር ሥርዓት አጥንቶ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ከቴአትር ጋር ያለውን ዝምድና መርምሯል። ዛር ለብዙዎች የሕመምና የፈውስ ጉዳይ ስለሆነ፣ የታመመን ሰው «ዋና ጭራቅ» ማድረግ ተገቢ አይሆንም።

ለማንኛውም እምነት የሚያገለግል አንድ መመዘኛ አለ፦ ጭራቁ ሲገደል ከጨዋታው ውጭ የሚሰደብ ሰው ካለ ምርጫው መቀየር አለበት። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊትም በታሪኩ ውስጥ እንዲገባ የማይፈልጉት ነገር ካለ ተጫዋቾችን መጠየቅ የተለመደ ነው።

ጎንደርና የሰሜን ተራሮች እንደ መድረክ

ጭራቅና መድረክ መመጣጠን አለባቸው። አካባቢው ለዚህ የሚመቹ ብዙ ቦታዎች አሉት።

ፋሲል ግቢ፦ ጎንደር በ1636 እ.ኤ.አ. በዐፄ ፋሲለደስ ተመሠረተች። የነገሥታቱ ግንቦች የሚገኙበት ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ግንብ፣ ደረጃ፣ የተዘጋ በርና የአንበሳ ቤት ያለበት በመሆኑ ለዋሻ ጀብዱ ጥሩ ምትክ ነው።

ወህኒ አምባ፦ በጎንደር ዘመን የነገሥታት ልጆችና ዘመዶች ለዙፋን እንዳይታገሉ የሚታሰሩበት ገደላማ አምባ ነበር። እስር ቤትን «ወህኒ ቤት» የማለት ልማድም ከዚሁ ስም ጋር ይያያዛል። መውጫው አንድ ብቻ የሆነ ቦታ ለጀማሪ መሪ ቀላል ነው፤ ተጫዋቾች ከካርታው አይወጡበትም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ፦ በጣሪያው ላይ በተሳሉት የመላእክት ፊቶች የታወቀ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ የንብ መንጋ ወጥቶ እንዳዳነው ይነገራል።

የሰሜን ተራሮች፦ ከደባርቅ የሚጀምረው ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአካባቢው ያለው ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ከፍታ አለው። የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ፣ የሳንቃበርና የግጭ ሜዳዎች፣ ድንገት የሚወርደው ጉም ሁሉ ለፍንጭ ይመቻሉ። ሣር የሚግጡት ጭላዳዎች መንጋቸው በድንገት ወደ ገደል ሲሸሽ ተጫዋቾች አንድ ነገር እየመጣ መሆኑን ያውቃሉ። ቀይ ቀበሮን ባላንጣ ማድረግ ግን አይመከርም፤ በዋነኛነት አይጥ የሚበላና በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ ጎልማሶች ብቻ የቀሩት እንስሳ ነው።

ምሳሌ

ከዚህ በታች ያለው መስፈርቶቹ እንዴት እንደሚገጣጠሙ የሚያሳይ ምናባዊ ምሳሌ ነው።

በአንድ ደጋ መንደር ጭራቅ ሰፍሯል። ሰው አይበላም፤ እንቆቅልሽ ይጠይቃል። «እንቆቅልህ» ሲል «ምን አውቅልህ» ያለ ሰው መልሱን ካላወቀ፣ በልጆች ጨዋታ እንደሚደረገው ጭራቁ «አገር ስጠኝ» ይላል። ልጆች የምናብ አገር ይሰጣሉ፤ እሱ ግን የተሰጠውን በእውነት ይወስዳል። እስካሁን ምንጩን፣ ወፍጮውንና ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ወስዷል።

አቅሙ የኦገር ነው፤ 59 የሕይወት ነጥብ አለው። ይህ ለጀማሪዎች ከባድ ስለሆነ ተጫዋቾች አንድ ቦታ ባስመለሱ ቁጥር 10 ነጥብ ይቀንስበታል። ሦስቱንም ካስመለሱ 29 ይቀረዋል፤ ይህም የሁለት ዙር ውጊያ ነው። በምንጩ አምስት ተራ ጅቦች ይጠብቃሉ፤ የመጀመሪያው ውጊያ ይህ ስለሆነ ተጫዋቾች ሕጉን ይማሩበታል። በወፍጮው ያለው ዘበኛ በንብ ቀፎ ሊባረር ይችላል። መንገዱን የሚያስመልሰው ደግሞ የእንቆቅልሽ መልስ ነው።

መጨረሻው ላይ ሦስት መንገድ አለ፤ መዋጋት፣ እንደ አንጋቦ በምግብ ማታለል፣ ወይም ጭራቁ ራሱ የማያውቀውን እንቆቅልሽ ጠይቆ «አገር ስጠኝ» ማለት። በሦስተኛው መንገድ የተሸነፈ ጭራቅ በራሱ ሕግ የወሰደውን ሁሉ መልሶ ይሄዳል። ተጫዋቾቹ ሲሸነፉም አይሞቱም፤ አንድ አገር ይሰጡና በማግስቱ እንደገና ይሞክራሉ።

የተለመዱ ስህተቶች

ጭራቁን ከመጠን በላይ መውደድ፦ መሪው ያዘጋጀው ባላንጣ እንዳይሞትበት ሕግ ይቀይራል። ተጫዋቾች ይህን ቶሎ ያውቃሉ፤ በዳይሱም ላይ ያላቸውን እምነት ያጣሉ።

ረጅም ንግግር፦ ጭራቁ ታሪኩን ሲያወራ ጀማሪዎች ዝም ብለው ያዳምጣሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ጥያቄ ቢጠይቃቸው ይሻላል።

አንድ መውጫ ብቻ፦ መሪው ውጊያ ብቻ ሲያዘጋጅ፣ ለመደራደር የመጣ ተጫዋች ጥሩ ሐሳቡ ከንቱ ይቀራል።

የመጀመሪያ ሞት፦ ገጸ ባህሪው በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሞተበት ጀማሪ ቀሪውን ምሽት ሌሎችን ሲመለከት ያሳልፋል፤ ብዙ ጊዜም ተመልሶ አይመጣም። ለጀማሪ የተመረጠ ዋና ጭራቅ ስኬቱ የሚለካው ስንት ሰው በጣለ ሳይሆን፣ ተጫዋቾቹ ሲለያዩ «ቀጣዩ መቼ ነው?» ብለው በመጠየቃቸው ነው።